ሥሩ ለምን ይመርራል?

«የትምህርት ሥሩ መራራ፣ ፍሬው ጣፋጭ ነው» የሚለው አባባል ያልተጻፈበት የትምህርት ቤት ግድግዳ ማግኘት ይከብዳል። ግድግዳው ላይ ባይኖር በወላጅ ምክር፣ በመምህር ተግሣጽ፣ በዩቲዩብ የማነቃቂያ ንግግር ውስጥ አለ። መልእክቱ አንድ ነው፤ አዲስ ሙያ ልማር ያለ ሰው መጀመሪያ መሠረቱን ይጨርስ፣ ዓመታት ይታገሥ፣ ይሰልች፣ ይሠቃይ። ደስታ የሚባል ነገር ካለ መጨረሻ ላይ ይደርስበታል። ክራር ባነሣ በሳምንቱ አንድ ዜማ መጫወት የቻለ ጀማሪ «ቅኝት ሳትለይ?» ተብሎ ይገሠጻል። ከእንግዶች ጣልያንኛ ቃርሞ የሚግባባ ልጅ «ሰዋስው አያውቅም» ይባልበታል። ቶሎ የተማረ ይጠረጠራል፤ እየተደሰተ የተማረማ ከነጭራሹ እንደተማረ አይቆጠርም።

ይህ አመለካከት የተሳሳተ ነው። አዲስ ሙያ ቶሎ የሚያዘው፣ ከያዙትም በኋላ የሚጸናው፣ ትንሽ ግን በራሱ ሙሉ የሆነ፣ ሲሠሩት የሚያስደስት ነገር አንድ በአንድ እየጨበጡ ሲሄዱ ነው። ትንሽነቱ ብቻ አይበቃም፤ ሙሉም መሆን አለበት። ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

ተቃራኒው ወገን ግን ባዶ እጁን አልመጣም። በመጀመሪያ ሳይንስ ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በምዕራብ በርሊን የሙዚቃ አካዳሚ ቫዮሊን የሚማሩ ወጣቶችን አጠኑ። ከሁሉ የላቁት 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 «አውትላየርስ» በተባለው መጽሐፉ ቁጥሩን ሕግ አድርጎ ለዓለም አዳረሰው። የኤሪክሰን ጥናት ደግሞ ለደስታ ጠበቆች የማይመች ሌላ ነገር ይዟል፤ ወጣቶቹ ብቻቸውን የሚያደርጉትን ልምምድ እጅግ ጠቃሚ፣ እጅግ አድካሚ፣ ግን ያን ያህል የማያስደስት ብለውታል።

ቀጥሎ የመሠረት ነገር ይነሣል። ቤት ያለ መሠረት አይቆምም፤ ከመሐል የጀመረ ሰው ቁንጽል ዕውቀት ይዞ ይቀራል፣ መጥፎ ልማድም ይጠናወተዋል ይላሉ። በመጨረሻም ሰው በምስክርነት ይቆማል፤ ያውም ከሁሉ የከበደው ምስክር የቆሎ ተማሪው ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ የተማረው ሰው ሊቅ ሆኖ ወጣ። እናንተ በጨዋታ ምን ትሆናላችሁ? ጥያቄው ከባድ ይመስላል።

ከቁጥሩ እንጀምር። የ10,000 ሰዓቱን ሕግ አጥብቆ የተቃወመው ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ኤሪክሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሮበርት ፑል ጋር ባሳተመው «ፒክ» በተባለው መጽሐፍ ቁጥሩ አማካይ እንጂ ደፍ እንዳልነበረ፣ ከላቁት ቫዮሊን ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ በዚያ ዕድሜ እንዳልደረሱበት ገልጿል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥናቱ ስለ ጀማሪ አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቫዮሊን ይዘው አድገው በጀርመን ስመ ጥር አካዳሚ ስለገቡ፣ ከእኩዮቻቸው ሁሉ ለመላቅ ስለሚፎካከሩ ሰዎች ነበር። ሰፈር ውስጥ ክራር መማር የፈለገ ሰው ከማን ጋር ሊወዳደር ነው? የዓለምን ቁንጮ መለኪያ አምጥቶ በጀማሪ በር ላይ መገተር ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ደግሞም ጥናቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሥቃይ ሲወደስ አያገኝም። የላቁት ወጣቶች ቀኑን ሙሉ አልተንገላቱም። ልምምዳቸውን ከፋፍለው፣ በመሐሉ እያረፉ፣ በአመዛኙ በቀን ከአራት ሰዓት ሳያሳልፉ ነበር የሚሠሩት። ከደካሞቹ ይልቅ ብዙ የሚተኙትም እነሱ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ማድረግን ጨምሮ። አስተማሪው ሥቃይ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ያጣው በበለጠ ነበር።

«ያን ያህል አያስደስትም» የተባለውስ? እውነት ነው፤ ግን ያን ያሉት ሰዎች ቫዮሊን ከመውደድ አልፈው ሕይወታቸውን የሰጡለት ናቸው። መጀመሪያ እንዴት ወደዱት? መልሱ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ውስጥ አለ። የብሉም ቡድን ፒያኖ ተጫዋቾችን፣ ቀራጺዎችን፣ ዋናተኞችን፣ የቴኒስ ተጫዋቾችን፣ የሒሳብና የነርቭ ሊቃውንትን፣ በድምሩ 120 ያህል በየመስካቸው ከላይ የደረሱ ሰዎችን ታሪክ መረመረ። ደጋግሞ የተገኘው ሥዕል ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ጨዋታ ያደሉ ነበሩ፤ የመጀመሪያ አስተማሪዎቻቸው ደግሞ ጥብቅ ሊቃውንት ሳይሆኑ ልጁን የሚያበረታቱ፣ ትምህርቱን የሚያስወድዱ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ጥብቁ ሥርዓት ኋላ መጣ፤ ፍቅሩ ከያዘ በኋላ። መራራውን ከፊት የሚያስቀድሙ ሰዎች የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ገልብጠው ነው የሚያነቡት።

ወደ መሠረቱ እንለፍ። ቤት ያለ መሠረት አይቆምም፤ ማንም አይክድም። ግን ጀማሪው ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ግንበኛ አይደለም፤ ዛሬ ማታ የሚያድርበት ይፈልጋል። ደሳሳም ብትሆን ጣሪያ ያላት ጎጆ ይበቃዋል። ጎጆዋ ሙሉ ናት፤ የመሠረት ቁፋሮው ግን ስንት ዓመት ቢቆፈር አያሳድርም። «መሠረት» እየተባለ የሚቀርበው ትምህርት ችግሩ ክብደቱ አይደለም። ተማሪው በጨበጠው ነገር ምንም ሊሠራበት አለመቻሉ ነው።

ቼዝን እንመልከት። አብዛኛው ጀማሪ ከመክፈቻው እንዲጀምር ይመከራል፤ 32ቱም ቁሶች ሰሌዳው ላይ ተደርድረው የእርምጃ ቅደም ተከተል ይሸመድዳል። ኩባዊው ሆዜ ራውል ካፓብላንካ ግን እ.ኤ.አ. በ1921፣ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት፣ ለጀማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ ከመጨረሻው ጀመረ። ሰሌዳው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ጥቂት ቁሶች ብቻ ቀርተው የባላንጣን ንጉሥ ማጥመድ ነው ትምህርቱ። አሜሪካዊው ጆሽ ዌይትስኪንም በልጅነቱ ብሩስ ፓንዶልፊኒ በዚሁ መንገድ እንዳስተማረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ይተርካል፤ ንጉሥና አንድ ወታደር በንጉሥ ላይ። ሦስት ቁስ ብቻ፤ ግን መሸነፍም ማሸነፍም ያለበት፣ ስልት የሚጠይቅ፣ በራሱ የተሟላ ጨዋታ ነው። መክፈቻ ሸምድደው የመጡ እኩዮቹ የተለማመዱት መንገድ ሲቋረጥባቸው ግራ ሲጋቡ፣ እሱ ቁሶቹ በተቀነሱ ቁጥር ወደሚያውቀው ሜዳ ይገባ ነበር። መሠረት ያልነበረው ታዲያ የትኛው ነው?

የሃርቫርዱ ዴቪድ ፐርኪንስ ትምህርትን በታትኖ «ሙሉውን ወደፊት ትደርሱበታላችሁ» እያሉ ማቆየትን እንደ በሽታ ቆጥሮ ስም አውጥቶለታል። መድኃኒት ያለው ሙሉውን ጨዋታ ለጀማሪ በሚመጥን መጠን አሳንሶ ማጫወትን ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ይህን ለመስማት እስከ ሃርቫርድ መሄድ አያስፈልገውም።

ምክንያቱም የቆሎ ተማሪው የቆመው ለተቃራኒው ወገን አይደለም። መከራው እውነት ነው፤ ረሀቡም፣ ብርዱም፣ ውሻውም። ነገር ግን ረሀብ ቅኔ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ በየክፉ ዘመኑ የተራበ ገበሬ ሁሉ መወድስ በዘረፈ ነበር። ቅኔ ያስተማረው የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ከትንሽ ሙሉ ነገር ይጀምራል። ተማሪው ዋሸራ ይግባ ዋድላ ወይም ጎንጅ፣ መቁጠር የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። እሱን ሲለምድ ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፣ ሦስት ቤት። ከዚያ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ቀን ብቻውን ገለል ብሎ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ሲያምርም ያደንቃል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ጉባኤ ቃና የመወድስ ቁራጭ አለመሆኑን ነው። ቤት ይመታል፣ ዜማ አለው፣ በሁለቱ ቤት ውስጥ ሰሙም ወርቁም ይገባል። ገና ጀማሪ የሆነው ልጅ በዚያች በሁለት ቤት ውስጥ ባለቅኔ ነው፤ የመምህሩ ዓይነት ባለቅኔ፣ መጠኑ ቢያንስም። ግሡና አገባቡ ቀላል አይደለም፤ ይጠናል፣ ይሸመደዳል፣ ያስለቅሳልም። ግን ከቅኔው ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ቅኔው የግሡን ማለቅ ቢጠብቅ ኖሮ አንድም ባለቅኔ ባልወጣ። ተማሪውን በዚያ ሁሉ ችግር መሐል ያቆየው ምን ይመስላል? ረሀቡ? ወይስ የራሱን አዲስ ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ለመንገር ያለው ጉጉት?

ፊደል ቤቱን በተመለከተ ተቃዋሚዎች ትንሽ ነጥብ ያገኛሉ፤ እዚያ ሥርዓቱ በእርግጥ ከጥሬ ሽምደዳ ይጀምራል። ውጤቱ ግን ለማንም የተሰወረ አይደለም። ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚወርድ ሕፃን አንዷን ፊደል ለብቻዋ ነጥለው ሲያሳዩት ይደናገራል። ቅደም ተከተሉን ይዟል፤ ማንበብ ግን ገና ነው።

ሌላው የመከራ ማስረጃ ጉድለት ደግሞ ቆጠራው ነው። አልፈው ሊቅ የሆኑትን በስም እናውቃቸዋለን፤ እንመሰክርላቸዋለን። ከመንገድ የቀሩትን፣ ችሎታ እያላቸው ምሬቱ ያባረራቸውን ማን መዘገባቸው? የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ «መከራው አሳደጋቸው» ማለት፣ ከወረርሽኝ የዳኑትን አይቶ በሽታውን መድኃኒት እንደማለት ነው።

የትንሽ ሙሉ ነገር ጉልበት በቤተ ሙከራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኤሪክሰን ከዊልያም ቼስና ከሌላ ባልደረባ ጋር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተመው ጥናት ስለ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ተማሪው በሰከንድ አንድ እየተነበቡለት የሚሰማቸውን ቁጥሮች በቃሉ ይመልሳል። ሲጀምር እንደማንኛውም ሰው ሰባት ያህል ቁጥር ነበር የሚይዘው። ከ230 የሚበልጥ የልምምድ ሰዓት በኋላ 79 ደረሰ። ሚስጥሩ ጥርስ መንከስ አልነበረም። ልጁ የረጅም ርቀት ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን በሦስትና በአራት እየሰበሰበ የሩጫ ሰዓት ያደርጋቸው ነበር። 3492 ሲነበብለት ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረበ የአንድ ማይል ውጤት ሆኖ ይታየዋል፤ 3 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ። ትርጉም የሌለውን ሰልፍ ቆራርጦ እያንዳንዷን ቁራጭ ከሚወደው ነገር ጋር አቆራኛት። በቁጥሩ ፋንታ ፊደላት ሲነበቡለት ግን ወደ ስድስት ወረደ። የማስታወስ ኃይሉ በጥቅሉ አልዳበረም ማለት ነው፤ የዳበረው የሩጫ ሰዓት የሞላበት ክምችቱ ነው። መራራ ሽምደዳ «አእምሮን ያጠነክራል» የሚሉ ሰዎች ይህን ውጤት የት እንደሚያስቀምጡት ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

«እሺ፣ ቼዝና ቁጥር ይሁን፤ ቀዶ ሐኪምስ በጨዋታ ይማር?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይነሣል፤ ጠያቂው ጉዳዩን የዘጋው ይመስለዋል። ቀዶ ሐኪሞች ግን የሚማሩት እንዲያው ነው። ሆድ ሳይቀደድ በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና የሚለማመዱ አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚፈተኑበት መርሐ ግብር አምስት ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው በሳጥን ውስጥ፣ በስክሪን እያዩ፣ ስድስት ትንንሽ ቁሶችን በመቆንጠጫ እያነሡ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ማዛወርና መመለስ ነው። ከሩቅ ለሚያየው የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። ሐኪሙ ግን ሁለት እጁን በአንድ ዓላማ ማቀናጀት የሚማረው እዚያ ነው፤ ሰዓት ይያዝለታል፣ ሲጥል ያያል፣ ወዲያው ይደግማል። ተለማማጅ አብራሪም መነሣትና ማረፍን የሚማረው ሜዳውን እየዞረ፣ እያረፈ ወዲያው እየተነሣ፣ ያንኑ አጭር ዙር እየደጋገመ ነው። ሙያው በከበደ ቁጥር ትንንሹ ሙሉ ነገር ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም።

ቶሎ የተያዘ ቶሎ ይረሳል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በአንድ ጊዜ የተጠቀጠቀ ትምህርት ይረሳል፤ ፍጥነት ግን መጠቅጠቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 አለን ባድሊና ባልደረባው የእንግሊዝ ፖስታ ሠራተኞች ኪቦርድ ሲማሩ ተከታትለዋል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመዱት፣ በቀን አራት ሰዓት ከተለማመዱት ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰዓት የበለጠ ተማሩ። የሚገርመው ግን በመንገዳቸው ያልረኩት ራሳቸው እነዚህ ናቸው፤ ቀኑ ስለረዘመ የዘገዩ መሰላቸው። ሰው ስለ ራሱ ትምህርት ያለው ግምት እንዲህ ያታልላል፤ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የደከመ ሰው ብዙ የተማረ ይመስለዋል። «ሳይሠቃዩ ዕውቀት የለም» የሚለው እምነትም የሚመገበው ይህንኑ ድካም ነው።

በደስታው ወገን የተሰለፉትም ቢሆን ሁሉም ንጹሕ አይደሉም። «በሦስት ወር እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነጋዴ ለመራራው ወገን ከሚዋጋው በላይ ይዋጋለታል። ጆሽ ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ መጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት የጻፈው መጽሐፍ እንኳ ቃል የገባው ደህና ጀማሪ መሆንን እንጂ ሊቅነትን አልነበረም፤ ወሬው ግን በ20 ሰዓት ሁሉን ቻይ አደረገው። ደስታ ሲባልም ተኝቶ መሣቅ አይደለም። ሎጎ የተባለውን የሕፃናት የኮምፒውተር ቋንቋ ከባልደረቦቹ ጋር የፈጠረው ሲሞር ፓፐርት፣ ልጆች ሥራውን የሚወዱት ከባድ ቢሆንም ሳይሆን ከባድ ስለሆነ ነው ሲል ይከራከር ነበር። የጉባኤ ቃናው ተማሪ ቤቱ አልመታ ሲለው ይናደዳል፣ ይቆዝማል፣ ሲመታለት ይፈነድቃል። ይህ መሰልቸት አይደለም። ማብቂያ ያለውን ነገር መታገልና ማብቂያ የሌለውን መጋት ለየቅል ናቸው።

የዚህ ሁሉ ሙግት ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው በትምህርት ቤት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ተማሪው ቴንስ ይደረድራል፣ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ይለውጣል፣ ኮንዲሽናልን በዓይነት በዓይነቱ ይሸመድዳል። ፈተና ላይ ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን ያከብባል። አፍ አውጥቶ ሲናገር ግን ስንቱ ነው ሁለት ደቂቃ የሚዘልቅ? በሌላ በኩል የላሊበላ ልጆች አሉ። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ክፍል፣ ከየት እንደመጣህ ጠይቀው፣ አገርህን ከነዋና ከተማዋ ጠርተው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ላስጎብኝህ ብለው ያግባቡሃል፤ እንግሊዝኛ አልሰማ ካልክ በጣልያንኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይሞክሩሃል። ሰዋስዋቸው ይሳሳታል። ግን እያንዳንዷ የያዟት ንግግር ከሰላምታ እስከ ስንብት ያለቀች ናት፤ ሲነጋም ሌላ ይጨምሩባታል።

ከእነዚህ ልጆች ጎን የ12ኛ ክፍሉን ተማሪ «ምነው አልጎበዝክ?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። አልሰነፈም፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት በሙሉ አንድም ቀን ሙሉ ነገር አልተሰጠውም። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ዋጋ መጠየቅና መከራከር ቢሆን፣ ሁለተኛው አንድ ቀልድ መናገር፣ ሦስተኛው ስልክ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ቢሆን ምን ይጎድላል? ያለፈ ጊዜ ግሥ ትናንት የሆነውን ታሪክ መናገር ሲያስፈልግ ይመጣል፤ ያኔ ተማሪው ራሱ ይጠይቃል። ይህ ትምህርት አይደለም፣ ጨዋታ ነው የሚል መምህር ካለ፣ ነገ ጠዋት ክፍሉ ገብቶ ከፊት ወንበር የሚቀመጠውን ጎበዝ ተማሪውን ያስነሣና፣ መንገድ ለጠፋበት እንግዳ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያለውን አቅጣጫ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳ ይጠይቀው።